እርማት፦ ደንገል እንቦጭ አይደለም

ወንድሜ፣ «ከእንግዳ ማረፊያው ፊት ያለው ደንገል እንቦጭ ስለሚያራባ ነቅለን ዳርቻውን እናጽዳ» ያልከው ልክ አይደለም፤ ባሕር ዳር እንዲህ የሚያስብ ሰው አይጠፋም። እንቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ ሥሩን አንጠልጥሎ የሚንሳፈፍ አረም ነው። ደንገል (ፓፒረስ) ግን የጣና የራሱ ተክል ነው፣ ሥሩም ጭቃውን አጥብቆ ይይዛል። እንቦጭን የሚያደልበው ከማሳ የሚታጠብ ማዳበሪያና ከከተማ የሚለቀቅ ፍሳሽ ነው (ያንተ መታጠቢያ ቤት ፍሳሽ ወደ ሐይቁ አይወርድም አይደል?)። ደንገሉ ከዚህ ቆሻሻና ከደለሉ ከፊሉን ዳር ላይ ያስቀረዋል፤ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ጫጩትም እዚያው ይጠለላል። ሐይቁ እንዲታይህ ጠባብ መተላለፊያ ይበቃሃል። እሱንም ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት የጣና ዳር ነዋሪዎች፣ ወይጦዎች፣ ይጨዱልህ፤ ሥሩ ካልተነካ መልሶ ያቆጠቁጣል። እንግዶችህን በዚያው ታንኳ አንሸራሽር፣ ሒሳቡን ግን ቀጥታ ለቀዛፊው ስጥ።