ማስተካከያ፦ ሾጣጣው ግትርነትን በቀጥታ አይለካም
ስለ ባሕር ዳርቻ አፈር ልኬት ቀደም ሲል ባቀረብነው ጽሑፍ፣ ወደ መሬት የሚገፋው ሾጣጣ ዘንግ የአፈሩን ጥንካሬም ግትርነትም በቀጥታ ይለካል ብለን ነበር። ስህተት ነው፤ መሠረት ለሚነድፍ መሐንዲስ ደግሞ ትንሽ ስህተት አይደለም።

በሴኮንድ 2 ሴንቲሜትር የሚወርደው ባለ 60 ዲግሪ ሾጣጣ የሚመዘግበው አፈሩ ሲሸነፍ የሚያሳየውን ተቃውሞ ነው፤ ጥንካሬው ከዚያ ይሰላል። ግትርነት ግን አፈሩ ገና ሳይሸነፍ ቅርጹን ላለመለወጥ የሚታገልበት አቅም ነው። ለዚህ ዘንጉ ይቆማል፤ መሬት ላይ በክብደት የተጫነ ጣውላ ጫፉ በመዶሻ ይመታል፤ በሾጣጣው ውስጥ ያለው መቀበያም ከምቱ ተነስቶ በአፈሩ ውስጥ የሚወርደው ሞገድ የደረሰበትን ቅጽበት ይይዛል። የሞገዱ ፍጥነት በራሱ፣ ከዚያም በአፈሩ እፍግታ ሲባዛ በጥቃቅን እንቅስቃሴ ጊዜ ያለው ግትርነት ይገኛል።

በውሃ በጠገበ ለስላሳ ጭቃ ውስጥ የሾጣጣው ንባብ በውሃው ግፊት መታረም እንዳለበትም ሳንጠቅስ አልፈናል። አንባቢዎችን ይቅርታ እንጠይቃለን።