የፈተናው ውጤት የማን ነው?

በምኖርበት በማሳቹሴትስ ግዛት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ከፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ጋር አንድ የትምህርት ጥያቄ ለሕዝበ ውሳኔ ቀርቦልን ነበር፤ ይኸውም ኤምካስ የተባለውን የግዛቱን ፈተና በአሥረኛ ክፍል ተፈትኖ ያላለፈ ተማሪ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ እንዳያገኝ የሚከለክለው ደንብ ይቅር ወይስ ይቀጥል የሚል ነው። የመምህራን ማኅበሩ ይቅር ሲል የግዛቲቱ አስተዳዳሪ ሞራ ሂሊ ይቀጥል ብለው ተከራከሩ፤ በመጨረሻም 59 በመቶ ያህሉ መራጭ ይቅር አለ። እኔ ይቀጥል ካሉት አንዱ ነበርኩ፤ ዘመድም ገንዘብም ለሌለው የገጠር ልጅ ማትሪክ ብቸኛው በር በነበረበት አገር አድጌአለሁና ፈተና ሲላላ ዝም ብዬ ማየት አይሆንልኝም።

ይሁን እንጂ ፈተናው ራሱ አልቀረም። ልጄ ዛሬም ይፈተናል፤ በየዓመቱ የሚደርሰን የውጤት ወረቀትም የእርሱን ነጥብ ከትምህርት ቤቱ፣ ከወረዳውና ከግዛቱ አማካይ ጋር ጎን ለጎን ያሳያል። ያንን ወረቀት ይዞ ርእሰ መምህሩን «የእናንተ አማካይ ስለ ምን ዝቅ አለ?» ብሎ መጠየቅ የማንም ወላጅ መብት ነው።

ኢትዮጵያ ያለችው የእህቴ ልጅ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ብርድ ልብሷንና ደብተሯን አዝላ፣ ከቤቷ ርቃ አድራ የማታውቀው ልጅ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተናን ለመፈተን ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄደች። ፈተናውን ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ማዛወሩን ከልቤ ደግፌአለሁ፤ በ2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ ሾልኮ ወጥቶ በመሠረዙ የደረሰውን መንገላታትና ከዚያም ወዲህ ኩረጃ የጎበዙን ልጅ ልፋት እንዴት ከንቱ እንዳደረገው የማይረሳ ነው። ውጤቱ ሲገለጽ ግን ከተፈተኑት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶችም ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። የእርሷም ከእነዚህ አንዱ ነበር።

ስልክ ስደውልላት «ጋሼ፣ አሳፈርኩህ» ብላ አለቀሰች። አሥራ አንደኛ ክፍልን በሙሉ የኬሚስትሪ መምህር እንዳልነበራቸው የነገረችኝ ካባበልኳት በኋላ ነው፤ ያውም ሰበብ እንዳይመስልባት እየፈራች። መቶ ልጆች ተፈትነው መቶውም ከወደቁ የወደቀው ትምህርት ቤቱ ነው፤ እዚህ እንኳ ዲፕሎማ መከልከል በዛ ተብሎ ሲያከራክር፣ እዚያ ያልተማሩትን የተጠየቁ ልጆች ዕዳውን ለብቻቸው ተሸክመው ወደየቤታቸው ተመለሱ። ፈተናው ይጥበቅ፤ ነገር ግን ውጤቱ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትም የሚጠየቅበት ውጤት ይሁን፣ ወላጅም ቁጥሩን በእጁ ይያዘው።

ልጅቱ በግል ተመዝግባ ዳግም ለመፈተን ስትዘጋጅ ታናሽ ወንድሟ እዚያው ትምህርት ቤት አሥራ አንደኛ ክፍል ገባ። የኬሚስትሪ መምህር ተመድቦላቸው እንደሆነ ጠየቅኩት፤ እስከ ጥር ድረስ አልተመደበም ነበር።