ሐይቁ መውጫ የለውም

የሐዋሳ ሰዎች፣ ዛሬ እኛው ለእኛው እንነጋገር። ከአሞራ ገደል እስከ ፍቅር ሐይቅ መዝናኛ ያለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ኩራታችን ነው እንላለን። እንግዳ ሲመጣብን መጀመሪያ የምንወስደው እዚያ ነው። ታዲያ እሁድ ማታ ምን አድርገነው ነው የምንሄደው? ሃይላንዱ፣ ፌስታሉ፣ የጫት ገረባው ውሃው ጠርዝ ላይ ተኮልኩሎ ያድራል። ይህ ያሳፍራል።

ከተማችን በ1950ዎቹ የተቆረቆረችው ይህን ውሃ ተንተርሳ ነው። የሲዳማ አባቶች ግን ከከተማዋ በፊት ያውቁታል። ፍቼ ጨምበላላ የሚከበርበት ጉዱማሌ እዚያው ሐይቁ ዳር ነው። በዓሉን ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. ሲመዘግበው ጨፍረናል፣ ደስ ብሎናል። በበዓሉ የጎሳ መሪዎች ምን ብለው እንደሚመክሩ ግን ልብ ብለናል? ጠንክራችሁ ሥሩ፣ ታላላቆቻችሁን አክብሩ፣ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ፣ በሐሰት አትመስክሩ ይላሉ። ምክሩን ሰምተን፣ በነጋታው እዚያው ዳርቻ ላይ ቆሻሻ የምንጥል እኛ ነን።

አሞራ ገደልን ጠዋት ያየ ያውቀዋል። ሌሊቱን ውሃ ላይ ያደሩ ጀልባዎች ይደርሳሉ። ቆሮሶና አምባዛ የሚባለው አሳ ይራገፋል። ልጆቹ በቢላ ብቻ ቅርፊቱን ገፈው፣ ሆዱን ከፍተው፣ አጥንቱን ለይተው ሥጋውን ሲያወጡ እጃቸውን በአይን መከተል አይቻልም። አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች አንገታቸውን ሰብረው አጠገባቸው ይቆማሉ፤ አንጀቱ ሲወረወር ይሻማሉ። እኛ የምንዝናናበት ቦታ ለእነዚህ ሰዎች የእንጀራ ገመድ ነው። ጥሬ አሳ በዳጣ በልተን፣ ሾርባ ጠጥተን ስንነሳ ይህን እንረሳለን።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ውሃው በአብዛኛው በፀሐይ ተንኖ ነው የሚሄድ። ፕላስቲክ አይተንም። የፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ ያለው ብረትም አይተንም። ጎርፍ ያመጣው ደለልም እዚያው ይተኛል። ሐይቁ በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 22 ሜትር ገደማ ነው፤ ስንጥልበት ዝም ብሎ የሚውጥ እንዳይመስላችሁ። ጥቁር ውሃ የሚነሳበትን ጨለለቃን ደግሞ ተመልከቱ። ድሮ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ደለል ሞልቶት ረግረግ ሆኗል። ሩቅ አይደለም፣ ጎረቤታችን ነው።

ስለዚህ ሽርሽር የወጣችሁ፣ ይዛችሁ የመጣችሁትን ይዛችሁ ተመለሱ። ጽዳት የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው እያላችሁ አታመካኙ። ጀልባ ነጂዎች፣ ተሳፋሪ ጠርሙስ ወደ ውሃው ሲወረውር ደንበኛ እንዳይቀየም ብላችሁ አትለፉት፤ ተቆጡ። ለጦጣና ለጉሬዛ ብስኩት የምትወረውሩም ተዉ፤ ለፎቶ ብላችሁ አታበላሿቸው። አስጋሪ ወንድሞቼ፣ ችግራችሁን አውቃለሁ፤ አሳው ቀንሷል፣ ኑሮ ከብዷል። ግን አይኑ የጠበበ መረብ ገና ያልወለደውን ቆሮሶ ነው የሚያወጣ፤ የከርሞ ገበያችሁን ዛሬ አትሽጡት። ምግብ ቤቶችም እጅ የማይሞላ አሳ ሲመጣላችሁ አትግዙ። እኛ በላተኞችም ሳህናችን ላይ ካየነው እንመልሰው።