ማስተካከያ፦ ስለ ሴቶች የሰውነት ስብ ልኬት

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ ጂም በሚሠሩ እህቶች መካከል «ቢኤምአይሽ ከ25 በታች ከሆነ ትርፍ ስብ የለብሽም፤ የጂሙ የስብ መለኪያ ሚዛን የሚያወጣው የስብ ፐርሰንትም ለማንኛዋም ሴት ትክክል ነው» የሚል መልእክት እየተዘዋወረ ነው። ሁለቱም መታረም አለባቸው።

ቢኤምአይ ክብደትን ለቁመት ካሬ ማካፈል ነው እንጂ ስብ አይለካም። ዱረንበርግ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 የብዙ አገር ጥናቶችን አሰባስበው ሲያነጻጽሩ፣ በዕድሜ፣ በፆታና በስብ መጠን እኩል ቢሆኑም እንኳ የኢትዮጵያውያን ቢኤምአይ ከነጮች በ4.6 ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ የጥቁር አሜሪካውያን ደግሞ በ1.3 ከፍ ብሎ። ልብ በሉ፣ ጥቁር ስለሆንን ብቻ ሁላችንንም በአንድ ቁና መስፈር አይቻልም! እንግዲህ በእኩል ስብ የእኛ ቢኤምአይ ዝቅ ስለሚል፣ ቢኤምአይዋ 23 የሆነ የወሎ ልጅ ቀጭን ስለመሰለች ብቻ ትርፍ ስብ የለባትም ማለት አይደለም።

ሚዛኑስ? እሱም ስብን አያይም። ደካማ ኤሌክትሪክ በሰውነት ውስጥ አሳልፎ ምን ያህል እንደተገታ ይለካል፣ ከዚያ በቀመር ይገምታል። ቀመሩ ደግሞ የተሠራው ሌላ ዓይነት የሰውነት ቅርጽ ባላቸው ሴቶች ላይ ከሆነ ግምቱ ይዛባል። በረመዳን ጾም ውኃ ሳይጠጡ የተለኩበት ቁጥርም አያስተማምንም።

የግድ ሚዛኑን የምትጠቀሙ ከሆነ በዚያው ማሽን፣ በተመሳሳይ ሰዓት ተለኩና ለውጡን ብቻ ተከታተሉ። የወገብ ዙሪያችሁንም በሜትር ለኩ፤ ሆድ አካባቢ ስለተከማቸው ስብ ከቢኤምአይ የተሻለ ይናገራል።