ማስተካከያ፦ አኒታ ላስከር-ዎልፊሽ ነፃ የወጡት ከአውሽቪትስ አይደለም

ስለ ቼሎ (ትልቅ ባለክር የሙዚቃ መሣሪያ) ተጫዋቿ አይሁዳዊት አኒታ ላስከር-ዎልፊሽ ሰሞኑን ሲዘዋወር የሰነበተው ጽሑፍ «የሶቪየት ጦር ከአውሽቪትስ (ናዚዎች በያዙት ፖላንድ ካቋቋሙት የሞት ካምፕ) ነፃ አወጣቸው» ይላል። ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1944 ከእህታቸው ከሬናቴ ጋር በጀርመን ወደነበረው የናዚ ማጎሪያ ካምፕ፣ በርገን-በልሰን፣ ተወስደዋል፤ ኤፕሪል 15 ቀን 1945 ደርሰው ነፃ ያወጧቸው እንግሊዞች ናቸው።

ጽሑፉ ዋናውን ነገርም ዘሎታል። አውሽቪትስ የገቡት ለፈረንሳይ ምርኮኞች ሐሰተኛ ወረቀት ሠርተዋል ተብለው ከታሰሩበት ወኅኒ ስለነበር፣ ከባቡር ሲወርዱ የሚደረገው፣ ማን ወዲያው እንደሚገደል የሚወሰንበት ምርጫ አልደረሰባቸውም። እንደገቡ ቼሎ እንደሚጫወቱ ለአንዲት እስረኛ መናገራቸው የካምፑ ሴት እስረኞች ኦርኬስትራ ውስጥ አስገባቸው። ሬናቴ በኋላ ሲደርሱ፣ እህታቸው እዚያ መኖራቸውን ያወቁት የአኒታን ጫማ በሌላ እስረኛ እግር ላይ አይተው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1946 እንግሊዝ ገቡ፤ የእንግሊዝ ቻምበር ኦርኬስትራን ከመሠረቱትም አንዷ ናቸው። «ዳግመኛ ጀርመንን አልረገጡም» የሚለውም አያስኬድም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በጀርመን ፓርላማ ንግግር አድርገዋል።