«ነጭ ይሁን ጥቁር እኔን አይመለከተኝም»

ዛሬም ደንበኛው ፊት ለፊታችን ተቀምጦ ሳለ አለቃችን በስክሪኑ ካርታ ላይ የመኪናውን ጉዞ ወደሚያሳየው መስመር እያመለከቱ «ይህ መስመር ለምን ይንቀጠቀጣል? አርን ጨመር አድርጊውና ይለስልስ» አሉኝ። አር እኮ የጂፒኤሱ ልኬት ምን ያህል እንደሚሳሳት፣ ኪው ደግሞ የእንቅስቃሴ ሞዴላችን ምን ያህል እንደሚስት ለካልማን ፊልተሩ (ትንበያንና ልኬትን አመዛዝኖ መኪናው ያለበትን ለሚገምተው ስሌት) የምንሰጠው ቃል ነው እንጂ፣ ካርታ ለማሳመር የተፈጠረ ነገር አይደለም!

በትሕትና ለማስረዳት ሞከርኩ። «ጋሼ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ሲግናሉ ከፎቆቹ እየነጠረ ስለሚመጣ ስህተቱ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ነው፤ ቶሎም አይለቅም፤ ፊልተሩ ግን ነጭ ኖይዝ፣ ማለትም ወደ የትም ያላጋደለና ከቅጽበት ወደ ቅጽበት የማይያያዝ ስህተት፣ ነው ብሎ ይገምታል» አልኳቸው። «ነጭ ይሁን ጥቁር እኔን አይመለከተኝም፤ ደንበኛው የሚያየው መስመሩን ነው» ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ባለፈው ኪውንም አርንም በ100 አባዝቶ «አሻሽዬዋለሁ» በማለቱ የተመሰገነው ባልደረባዬ ነበር። ጌይኑን፣ ማለትም ፊልተሩ ልኬቱን ምን ያህል እንደሚሰማ፣ የሚወስነው የሁለቱ ምጣኔ ስለሆነ፣ ከመነሻው ጥቂት ቆይቶ መስመሩ ያው የድሮው እንደሚሆን ግን ማንም አልጠየቀውም።

እኔን የሚያንገበግበኝ፣ ፊልተሩ እያንዳንዱን ልኬት ራሱን እንደቻለ ምስክር መቁጠሩ ነው፤ ከአንድ ግንብ የነጠረ አንድ ውሸት በየሴኮንዱ ሲደገምለት ብዙ ምስክር ያገኘ መስሎት ይበልጥ እርግጠኛ ይሆናል። ደንበኛው ያደነቃት በካርታው ላይ በመኪናው ዙሪያ ያለችው፣ ፊልተሩ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ የምታሳየው ትንሽ ክብ ደግሞ፣ በእኛ ሊኒየር ሞዴል፣ አንድም ልኬት ሳይታይ ከኪውና ከአር አስቀድማ ልትሰላ የምትችል ናት፤ ማለትም የራሳችንን ግምት መልሰን ለራሳችን እያሳየን ነው። አርን ከጂፒኤሱ አምራች የመግለጫ ወረቀት (ከዳታሺቱ) ገልብጪው የተባልኩበት ቀንም ነበር፤ ያ ቁጥር የተለካው ሰማዩ ወለል ብሎ በሚታይበት ሜዳ ነው ብል ማን ሰምቶኝ! ኪው ዜሮ ይሁን በተባለ ጊዜማ ፊልተሩ ቀስ በቀስ ጂፒኤሱን መስማት አቆመና፣ መኪናው ሳሪስ ላይ ዞሮ ሲመለስ መስመራችን ቀጥ ብሎ ወደ ቃሊቲ ነጎደ።

ነጭ ኖይዝ ነው የሚለው ግምት ትክክል ቢሆን ኖሮ በትንበያውና በልኬቱ መካከል የሚቀረው ልዩነት እርስ በርሱ ባልተያያዘ ነበር፤ የእኛው ግን እጅ ለእጅ ተያይዞ እንደሚሄድ በግራፍ አሳየኋቸው። ያጋደለውን ስህተት ራሱን እንደ አንድ ተለዋዋጭ አስገብተን እንገምተው ብዬም ለመንኩ። «ይህን ለደንበኛ እንዳታሳዪ» አሉኝ።

እንግዲህ በታዘዝኩት መሠረት አር ጨምሯል፣ መስመሩ ለስልሷል፣ ደንበኛውም ተደስቶ ሄዷል። ነገ መኪናው ሲታጠፍ ካርታው ለምን ይዘገያል ተብዬ እንደምጠየቅ፣ መፍትሔውም «ኪውን ጨመር አድርጊው» እንደሚሆን ከወዲሁ አውቃለሁ።