ማስተካከያ፦ አባቴ ባቡር ነጂ አልነበረም

ለአባቴ አርባ በጻፍኩት ማስታወሻ ላይ «የምድር ባቡር ነጂ ነበር» ብዬ ነበር። ስህተት ነው። አባዬ ዕድሜውን የጨረሰው ድሬዳዋ፣ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። የቶርኖ ባለሙያ ነበር። መለዋወጫ ሲጠፋ እዚያው ከብረት ቀርጾ ያወጣል።

አብረውት የሠሩ አንድ አባት ደውለው አረሙኝ። «ልጄ፣ ነጂው ይዞት ይሄዳል። እንዲሄድ የሚያደርገው አባትህ ነበር» አሉኝ። ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

ነጂ ያልኩት በልጅነቴ አንድ ቀን ጋቢና ውስጥ ቆሞ ስላየሁት ነው። ለካ የጠገኑትን ሞተር እየሞከሩ ነበር! በሳሙና የማይለቀው የእጁ የግራሶ ሽታ ግን ልክ ነው። እሱን አልነካውም።

ዓመቶቹንም አሳስቻለሁ። ባቡሩ ድሬዳዋ የገባው በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ብዬ ነበር። እነዚህ የፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በእኛ 1895 እና 1909 ዓ.ም. ነው።

ማስታወሻውን አትማችሁ ያስቀመጣችሁ ዘመዶቼ፣ እባካችሁ «ነጂ» የሚለውን ሰርዛችሁ «የቶርኖ ባለሙያ» በሉልኝ። ሐውልቱም ላይ የሚጻፈው ይኸው ነው።